ከቄጠማ የማትወጣውን ወፍ ማየት፦ በሱሉልታና በገፈርሳ ሩጌትስ ሬልን የመፈለግ ዝርዝር መመሪያ

አስጎብኚዎች ሩጌትስ ሬል የሚሏትን የጨፌ ወፍ ለማየት ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ገፈርሳ ሄደው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ወፏ ከአካባቢው ጠፍታ አይደለም፤ እነሱ ከቆሙበት ሃያ ሜትር በማይርቅ ቦታ፣ ቄጠማ ሥር ተሸጉጣ፣ እስኪሄዱላት ትጠብቃለች። ስህተቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ ፈላጊው እየተራመደ ወደ ወፏ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ ወፏ የምትወጣበትን ጠርዝ መርጣችሁ ትቀመጣላችሁ፣ የቀረውን መንገድ እሷ ትመጣለች። ደረጃዎቹን ሳታዘልሉ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ተከተሉ።

1. መልኳን ከቤት ሳትወጡ አጥኑ

ብዙውን ጊዜ የምታዩዋት ለአምስትና ለስድስት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጨፌው ዳር ቆሞ መጽሐፍ ማገላበጥ አይቻልም። የሚከተለውን በቃላችሁ ያዙ።

ርዝመቷ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቄብ ዶሮ ታንሳለች። ጀርባዋ ወደ ወይራ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ነው። ፊቷ፣ ደረቷና ሆዷ የቀረፋ ቀለም አላቸው፣ ጉሮሮዋ ፈዘዝ ይላል። ምንቃሯና እግሮቿ ቀላ ያለ ቡናማ ናቸው። ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ ንጹሕ ነጭ ነው። ወንዱንና ሴቷን በመልክ መለየት አይቻልም፤ ጫጩትነታቸውን የጨረሱት ወጣቶች ግን ከወላጆቻቸው የደበዘዙ ናቸው።

ከቀለሟ ይልቅ የሚያጋልጣት ጠባይዋ ነው። ስትራመድ ጅራቷን በየእርምጃው ወደ ላይ ትቀስራለች፣ በዚያች ቅጽበት ነጩ ብልጭ ይላል። በጠዋት ጭጋግ የቀረፋው ቀለም ጭቃ መስሎ ሲጠፋ ይህ ነጭ ብቻ ይታያል፤ ስለዚህ ዓይናችሁን የምታለማምዱት ወፍ ለመፈለግ ሳይሆን ብልጭታ ለመፈለግ ነው።

የሚያሳስቷችሁ አራት ናቸው። ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው የሙርሄን ወጣት ነው፤ ቡናማ ነው፣ ጅራቱንም ይነቀንቃል፣ ነገር ግን የጅራቱ ሥር ነጭ መሐሉ ላይ በጥቁር የተከፈለ ሲሆን በጎኑም ላይ ነጭ መሥመር አለው፣ ደግሞም ክፍት ውኃ ላይ ይዋኛል። ሩጌት የምትመርጠው በእግሯ መሄድን ነው። ስናይፕ ጀርባው ባለ መሥመር፣ ምንቃሩም ከጭንቅላቱ እጅግ የረዘመና ቀጥ ያለ ነው። አፍሪካን ሬል ረጅም ቀይ ምንቃርና ግራጫ ደረት አለው፣ ጎኑም ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ነው። አራተኛዋ ቆቅ ናት፤ መሳሳቱ አያሳፍርም፣ ከማሳ ወደ ጨፌ ዳር ወርዳ ስትሮጥ ከኋላ ብዙ ሰው አታልላለች፤ ከጅራቷ ሥር ንጹሕ ነጭ ከሌለ ግን ጉዳዩ ያለቀ ነው።

2. ወሩንና ሰዓቱን ምረጡ

ሩጌት በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 4,100 ሜትር ባለው ከፍታ ትኖራለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ሱሉልታና ገፈርሳ ሁለቱም ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆኑ ልክ መኖሪያዋ ናቸው፤ ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ቀኑን ሙሉ ብትቀመጡ ግን ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ወቅቱን በተመለከተ በክረምት አትሂዱ። በሐምሌና በነሐሴ ቄጠማው ወገብ ይደርሳል፣ ውኃው ሜዳውን ሁሉ ስለሚሸፍን ወፎቹ በየቦታው ይበተናሉ፤ ከዚህም በላይ የዝናቡ ወራት ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ነው። የተሻለው ከጥቅምት ማገባደጃ እስከ የካቲት ያለው ነው። የሱሉልታ ሣር ለድርቆሽ ታጭዶ ሲከመር ሜዳው ይገለጣል፣ ውኃውም ወደ ቦዮቹና ወደ ጅረቶቹ ይሰበሰባል፣ ወፏም አብራ ትሰበሰባለች። አጨዳው በሚካሄድበት ቀን ግን አትቀመጡ፤ ከማጭዱ ድምፅ በኋላ ጨፌው እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ቀን ስጡት።

ከሰዓቱ ደግሞ የንጋቱን ያዙ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ካልሆነም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል እስከ ማምሻ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ውርጭ ይዞት ያድራል፤ ፀሐይ ውርጩን እስክታሟሟ ድረስ ወፏ ብዙም ስለማትንቀሳቀስ፣ በእነዚህ ወራት ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መድረስ ጉዳት የለውም።

3. የምትይዙትንና የማትይዙትን ለዩ

ባይኖኩላር ያስፈልጋል፤ ስምንት እጥፍ የሚያቀርበው ይበቃል፣ ከዚያ በላይ የሚያቀርበው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያዘልለዋል። እስከ ጉልበት የሚደርስ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ልበሱ። ዝቅ ያለች በርጩማ፣ የጭቃውን ጥልቀት የምትለኩበት ዱላ፣ ውኃና ጥቂት ቆሎ ጨምሩ።

ነጭ ነጠላና ነጭ ጋቢ እቤት ይቅር። ለብርዱ ግራጫ ወይም ቡናማ ብርድ ልብስ ደርቡ። ምሳችሁንም በፌስታል አትያዙ፤ ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፣ ነገር ግን ፀጥ ባለ ጨፌ ዳር የፌስታል መንኮሻኮሽ ከሰው ንግግር ርቆ ይሰማል። ቆሎውን በጨርቅ ቋጥሩት፣ ስልካችሁንም ከመኪና ሳትወርዱ ድምፁን አጥፉ።

ከሦስት ሰው በላይ አትሁኑ።

4. ቦታውን ምረጡ

ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው የቀረውን በትክክል ቢያደርግም አያገኛትም።

በሱሉልታ በኩል ስትሄዱ እንጦጦን ተሻግራችሁ በጎጃም መንገድ ወደ ሜዳው ትወርዳላችሁ። በገፈርሳ በኩል ደግሞ በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፋችሁ የግድቡ ውኃ ይታያችኋል። በሁለቱም ቦታ ጀማሪው ሰው ዓይኑ የሚሄደው ወደ ሰፊው ነገር ነው፦ በሱሉልታ ወደ ሜዳው መሐል፣ በገፈርሳ ወደ ክፍቱ ውኃ። ሁለቱንም ተዉአቸው። ሩጌት የጠርዝ ወፍ ናት። በገፈርሳ ከግድቡ ግንብ ራቁና ጅረት የሚገባበትን፣ ውኃው ስስ ሆኖ ቄጠማ የሚጀምርበትን ጫፍ ፈልጉ። በሱሉልታ ከመንገዱ ሥር የሚያልፉ ቦዮችን፣ ከምንጭ የሚወርዱ ቀጫጭን ውኃዎችንና ሣሩ ያልታጨደበትን ረግረግ ተከተሉ።

ጥሩ ቦታ የሚከተሉት በአንድነት የተገኙበት ነው፦ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማ፣ እግሩ ሥር ቀስ ብሎ የሚፈስ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውኃ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ክንድ የሚያህል ስፋት ያለው እርቃን ጭቃ። ጭቃው ወሳኝ ነው። ወፏ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎችን፣ የውኃ ነፍሳትንና ዘሮችን የምትለቅመው እዚያ ነው፣ እናንተም የምታዩዋት እዚያ ብቻ ነው። ቄጠማው እስከ ውኃው ድረስ ከደፈነው ወፏ ብትኖርም አትታይም። ከብት ውኃ ለመጠጣት የሚወርድበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይህን ጭቃ ስለሚከፍተው፣ የከብት መውረጃ ያለበትን ጠርዝ አስቀድሙ።

ዙሪያው ባሕር ዛፍ የተተከለበትን፣ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚሸትበትንና ደርቆ የተሰነጠቀውን ዝለሉ። ጭቃው ላይ ባለ ሦስት ቀጭን ጣት አዲስ ዱካ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፣ ነገር ግን ሳቢሳና ሌሎችም የውኃ ዳር ወፎች እንዲህ ያለ ዱካ ስለሚተዉ ዱካውን ማስረጃ አታድርጉት።

ቦታውን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ቄጠማ የሚያጭዱት ሴቶችና እረኞቹ ናቸው። “ጅራቷን እየቀሰረች ከቄጠማ ቄጠማ የምትሮጥ፣ ሆዷ ቀረፋ የመሰለ፣ ከጅራቷ ሥር ነጭ የሆነች ወፍ” ብላችሁ ጠይቁ። ስሟን በእንግሊዝኛ መጥራት የሚያተርፍላችሁ ነገር የለም።

5. ሰዎቹን ሰላም በሉ፣ ፈቃድ ጠይቁ

ጨፌው ባለቤት የሌለው ቢመስልም ሣሩ የሰው ነው። መጀመሪያ ባገኛችሁት ቤት “አካም ቡልተን” ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ የመጣችሁበትን ተናገሩ፣ ባይኖኩላሩንም አውጥታችሁ አሳዩ፤ ከሩቅ ሲታይ መሬት የሚለካ ሰው ስለሚያስመስላችሁ ጥርጣሬን ይፈጥራል። በገፈርሳ ወደ ግድቡ ግቢ ለመግባት ከፈለጋችሁ ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ፣ ካልፈቀዱ አትከራከሩ።

ልጆች ይሰበሰባሉ። አታባርሯቸው፤ ብታባርሯቸው ራቅ ብለው ይጮኻሉ። ከመካከላቸው ትልቁን ምረጡና ባይኖኩላሩን አሳዩት፣ ሌሎቹን እንዲያረጋጋ አደራ በሉት፣ አጠገባችሁ እንዲቀመጥም አድርጉ። በእኔ ልምድ እንዲህ ያለ ልጅ ከሦስቱ ጊዜ በሁለቱ ወፏን ከእኔ ቀድሞ አይቷታል።

6. ተቀመጡ

ከጭቃው ጠርዝ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ በርጩማውን አኑሩ። ከኋላችሁ የድርቆሽ ክምር፣ ካብ ወይም ቁጥቋጦ ይኑር፤ የሰው ቅርጽ ሰማይን ተደግፎ እንዲታይ አትፍቀዱ። ባይኖኩላሩን ደረታችሁ ላይ ሳይሆን አገጫችሁ አጠገብ ያዙት፣ ኋላ ስታነሱት እንቅስቃሴው አጭር ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ምንም አይታይም። ይህ የእናንተ መምጣት የሚረሳበት ጊዜ ነው። እንቁራሪቶቹ እንደገና መጮኽ ሲጀምሩ ጨፌው ረስቷችኋል ማለት ነው፤ ሰዓቱን ከዚያ ቁጠሩና ቢያንስ 40 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚነሣው በሃያኛው ላይ ነው።

መኪና ካላችሁ ከበርጩማው የተሻለ መደበቂያ አላችሁ። ከቦዩ ጎን አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ከመድረሳችሁ በፊት ዝቅ አድርጋችሁ ግቡ፣ በሩን ግን አትክፈቱ። ወፎች ከቆመ መኪና ይልቅ የሚፈሩት ሁለት እግር ነው።

7. አድምጡ

በአብዛኛው ዓይናችሁ ከማየቱ በፊት ጆሯችሁ ይሰማል። ሁለት ድምፅ ለዩ። አንደኛው “ዊሪይ–ክሪው፣ ዊሪይ–ክሪው” እያለ የሚደጋገም ረጅምና ሹል ጩኸት ሲሆን፣ ይህ ወፏ ተረጋግታ የምታሰማው ነው። ሁለተኛው አጭርና ደረቅ “ዲዲት” ነው፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ አይታችኋለች ማለት ነው። ሁለተኛውን ስትሰሙ እጃችሁ ባለበት ይቁም፣ አትነሡ፣ አትጠጉ፤ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ካልተንቀሳቀሳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

በስልክ የተቀዳ ድምፅ አጫውቶ መጥራት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። አታድርጉት። ወፏ ሌላ ወፍ ግዛቷን የገባባት መስሏት መብሏን ወይም እንቁላሏን ትታ ትወጣለች፣ በየሳምንቱ ሰው የሚሄድበት እንደ ሱሉልታ ባለ ቦታ ደግሞ ይህ በየሳምንቱ ይደጋገምባታል።

8. ስትወጣ በቅደም ተከተል እዩ

ስትወጣ በአንድ ጊዜ አትወጣም። መጀመሪያ ቄጠማው ያለ ነፋስ ይነቃነቃል። ከዚያ ምንቃሯና ግንባሯ ብቻ ይታያሉ፣ ትቆማለች። ቀጥሎ አንድ እግሯን ጭቃው ላይ አድርጋ ጅራቷን ሁለት ጊዜ ትቀስራለች። ባለፈው ታኅሣሥ ሱሉልታ ላይ ያየኋት አንዲት ሩጌት እንዲህ ከቆመች በኋላ የረጠበ ቅጠል በምንቃሯ ገልብጣ ከሥሩ ቀንድ አውጣ አነሣች፣ ድንጋይ ላይ ሦስቴ መታችው፣ ዋጠችው፣ ከዚያ ምንቃሯን በሣር ጠርጋ ተመለሰች፤ ነገሩ ሁሉ ከግማሽ ደቂቃ አልበለጠም።

በዚህ ግማሽ ደቂቃ የምታዩት ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ በመጀመሪያ የጅራት ሥር፣ ነጩ ሙሉ ነው ወይስ በጥቁር የተከፈለ። በሁለተኛ ደረጃ ደረትና ሆድ፣ ቀረፋ ነው ወይስ ግራጫ። በሦስተኛ ደረጃ ጎን፣ ዝንጉርጉር አለበት ወይስ የለበትም። ምንቃርና እግር በመጨረሻ ይምጡ። ነጩ ሙሉ፣ ሆዱ ቀረፋ፣ ጎኑ ያለ ዝንጉርጉር ከሆነ ያያችኋት ሩጌትን ነው። ፎቶ ከዚህ በኋላ ይነሣል፤ መጀመሪያ ካሜራ ያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የደበዘዘ ቄጠማ ይዞ ይመለሳል።

ሰዓቱን፣ የወፎቹን ብዛት፣ የውኃውንና የቄጠማውን ሁኔታ እዚያው ጻፉ። ወደ ኢበርድ (የወፍ ምልከታ ወደሚመዘገብበት ድረ ገጽ) የምታስገቡ ከሆነ ጨፌውን መጥቀስ ይበቃል፣ ጎጆ ያለበትን ነጥብ ግን አታስገቡ።

አንዱ ደረጃ ሲበላሽ

ድምፅ እየተሰማ ወፍ ካልታየ፦ አትከተሉት። ድምፁ ቄጠማ ውስጥ ስለሚነጥር አቅጣጫው ያሳስታል። ድምፁ ከመጣበት በኩል ያለውን ቅርብ እርቃን ጭቃ ለዩና እሱን ብቻ ጠብቁ።

ወፏ በርራ ከሄደች፦ መብረር የማትወድ ስለሆነች ርቃ አትሄድም፤ እግሯን አንጠልጥላ ዝቅ ብላ በርራ ሌላ ቄጠማ ውስጥ ትገባለች። የገባችበትን ምልክት ያዙ፣ ግን እዚያ አትሂዱ። የ40 ደቂቃው ጥበቃ ባላችሁበት ቦታ እንደገና ይጀመራል።

ውሻ ከመጣ፦ አትሩጡ፣ ድንጋይም አታንሡ። ዱላውን ዝቅ አድርጋችሁ ቁሙና ባለቤቱን ጥሩ። የዚያ ቦታ ጠዋት ግን አልቋል፣ ቢያንስ ሁለት መቶ ሜትር ራቁ።

ጭቃ ከያዛችሁ፦ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አትጎትቱ፣ ቦቱ ይቀራል። ዱላውን ጠፍጣፋ አስተኝታችሁ ተደገፉበት፣ ተረከዛችሁን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዛችሁ አየር አስገቡ፣ ከዚያ ወደ መጣችሁበት ተመለሱ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ ተራ የቆዳ ጫማ አድርጌ ቄጠማው መሐል ገብቼ አንድ ጫማ እዚያው ተቀብሮ ቀርቷል። ጫማውን ስፈልግ ከኋላዬ ጓደኛዬ ይስቃል፤ ለካ ወፏ መኪናችን አጠገብ ባለው ቦይ ውስጥ ጅራቷን እየቀሰረች ትለቅም ነበር።

ጭጋግ ከወረደ፦ ተቀመጡ። በጭጋግ ወፏ ይበልጥ ደፋር ትሆናለች፣ ችግሩ የእናንተ ማየት ነው፤ ስለዚህ ርቀቱን ከአሥራ አምስት ወደ አሥር ሜትር አጥብቡ።

ጎጆ ላይ ከወደቃችሁ፦ ከእርጥብ ቄጠማ የተደለደለ፣ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 እንቁላል የያዘ ነው። አትንኩ፣ ቄጠማውን ገልጣችሁ ፎቶ አታንሡ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። የተረገጠ ቄጠማ ለውሻና ለቁራ መንገድ ይሆናል።

ሦስት ጠዋት ተቀምጣችሁ ምንም ካላያችሁ ቦታው ነው የተሳሳተው፣ ትዕግሥታችሁ አይደለም፤ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ። ያም ካልሆነና ወደ ባሌ ተራሮች የምትሄዱበት አጋጣሚ ካለ እዚያ ፈልጓት፤ ያችው ወፍ በባሌ ሰውን ብዙም ሳትፈራ በግልጥ ጅረት ዳር ትሄዳለች። መልኳንና አረማመዷን እዚያ የተማረ ሰው ሱሉልታ ላይ ከሩቅ ይለያታል።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ፦ ስለ ሌላዋ የጨፌ ወፍ

በእነዚሁ ደጋ ጨፌዎች ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴል የምትባል፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላትና ከሩጌት እጅግ የባሰ የምትደበቅ ወፍ ትገኛለች። በመደበኛነት የምትታወቀው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው፤ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ጋር ተመድባለች፣ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ወፎችም ከ250 እንደሚያንሱ ይገመታል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የቤርጋ ጨፌ በክረምት ከምትራባባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

ይህን መመሪያ ይዛችሁ እሷን ለመፈለግ አትሂዱ። የምትራባው አጭር ቄጠማ ውስጥ ስለሆነ እግራችሁ እንቁላሏን ሳታዩት ይረግጣል። ተሰልፎ ሜዳውን ማሰስ፣ ገመድ ዘርግቶ በቄጠማው ላይ መጎተትና ውሻ ማስገባት ወፏን ለማስነሣት ሲባል የሚደረጉ ናቸው፤ በማንኛውም ወቅት አታድርጉ፣ ሲደረግ ካያችሁም ለአካባቢው አስተዳደር አሳውቁ። ቦዩ ዳር ተቀምጣችሁ ሩጌትን ስትጠብቁ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያላት ወፍ ከቄጠማ ወደ ቄጠማ ብታልፍ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፣ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አስታውቁ፣ ከበርጩማችሁ ግን አትነሡ።